አንድ መሳፈር ቀረሽ

ሞንታና፣ ኦገስት 2

ለተከበርሽው እህት ሎቪና ቦንትሬገር፣

የጌታ ሰላም ኢንዲያና ድረስ ይድረስሽ። እኔና አራቱ ልጆቼ ደህና ነን። እናታቸው ካረፈች ሁለተኛው ክረምት ሊገባ ነው። ድርቆሹ ታጭዶ ገብቷል። የትንሹ ልጅ ጥርስ ወልቋል። ድስቱ ግን ወንድ ያጠበው ድስት ነው፤ ሌላ ምን እልሻለሁ።

ባለፈው ፖስታ ውስጥ ያገኘሻት ካርድ ምን እንደሆነች ጠይቀሽኛል። የባቡር ማለፊያ ናት፤ በስምሽ አስወጥቻታለሁ። እኛ በእምነታችን ሥርዓት በአውሮፕላን አንሄድ፣ መኪና አንነዳ፤ አገራችንን ከዳር እዳር የምናቋርጠው በባቡር ነውና ብልሃቱን ልንገርሽ። አሥር ጊዜ ታሳፍርሻለች። ሩቅም ሂጂ ቅርብ፣ ወርደሽ እንደገና በተሳፈርሽ ቁጥር አንድ ይቆረጣል። ከእናንተ ቺካጎ አንድ፣ ከቺካጎ እኔ ዘንድ አንድ። ሌላው ትርፍ ነው። እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ታገለግላለች።

ትርፉን ደግሞ እግዚአብሔር ያለ ምክንያት አይሰጥም። እህቴ ፋኒ ዊስኮንሲን ውስጥ ልትወልድ ደርሳለች። ባቡሩም በደጃፏ ነው የሚያልፈው። ወርደሽ ጥቂት ቀን ብታግዣት ነፍሴ ታርፋለች። ከዚያ ወዲህ ትሳፈሪያለሽ።

አምና ክረምት በሟች ሚስቴ ቀብር ዕለት ከጎተራው ኋላ የተነጋገርነውን ለማንም እንዳትተነፍሺ። ወጋችንን ታውቂዋለሽ፤ በጉባኤ እስኪታወጅ የሁለት ሰው ነገር የሁለት ሰው ነው። ለፋኒም ቢሆን።

በጌታ ወንድምሽ ሞንሮ ጊንገሪች

*

ኢንዲያና፣ ኦገስት 9

ለወንድም ሞንሮ፣

እንዴት ከረምክ? ልጆቹስ? ድስቱን አደራ እኔ እስክመጣ እንዳትነኩት፤ በአሸዋ ፈትጋችሁ ትበሱታላችሁ።

አይ፣ ለማንም አልተናገርኩም። ስትጠይቀኝ ይኸው ሁለተኛህ ነው። ለወንድሜ ለቨርነን ዘመድ ልጠይቅ ነው አልኩት። «ሂጂ እስቲ፣ ንፋስ ይንካሽ» አለኝ፤ ደግ ነው እሱ። ሚስቱ አይዳ ግን ልጆቿን ሰብስባ «ቆማ ቀር ባቡር ብትሳፈር የት ትደርሳለች? ዞራ እዚሁ!» ብላ አሳቀችብኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሆዴ ግን «ቆይ ብቻ!» ይላል። ክፍሌን ገና ሳልወጣ ለእናቷ ሰጥታዋለች፤ አሁን ይህን የምጽፍልህ የአሮጊቷ ብርድ ልብስ በተነጠፈበት አልጋ ጫፍ ላይ ሆኜ ነው። መመለስ የሚባል ነገር የለም ማለት ነው።

ከአንተ ዘንድ ምን እንደምፈልግ በፊተኛው ደብዳቤህ ጠይቀኸኛል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰው ጠይቆኝ ስለማያውቅ ሁለት ቀን አሰብኩበት። የራሴ በር እፈልጋለሁ። ሃያ ዓመት በሰው ምድጃ ዳቦ ጋገርኩ፤ አሁን ሰው መጥቶ «የማን ቤት ነው?» ሲል «የእኔ ነው፣ ግቡ» ማለት አማረኝ። አንተንም እፈልጋለሁ። ይኸው ጻፍኩት፤ ፊቴ ቲማቲም መስሏል፤ ደግነቱ አታየኝም።

ፋኒን አርሼ እመጣለሁ።

ሎቪና

*

ዊስኮንሲን፣ ኦገስት 22

ለወንድም ሞንሮ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። ፋኒ በሰላም ተገላግላለች፤ ሴት ናት፣ ጩኸቷ ግን የበሬ ነው። እናትየዋም ልጅቷም ደህና ናቸው።

ባቡሩ እንዴት ነበር አልከኝ። ወይ ጉድ! አንዲት እንግሊዝ፣ ያው ከጉባኤያችን ያልሆነውን ሁሉ እንግሊዝ አይደል የምንለው፣ ከፊቴ ተቀምጣ ቆቤንና ረጅም ቀሚሴን ስታይ ስታይ ቆይታ «ፊልም ልትሠሪ ነው የምትሄጂው?» አለችኝ። «አይደለም፣ ሰው ላርስ ነው» አልኳት። ምን እንደገባት እንጃ፣ ግማሽ ቸኮሌት ሰጠችኝ። ትኬት ተቆጣጣሪው ማለፊያዬን አይቶ «እመቤቴ፣ በዚህች እኮ አገሩን ሙሉ ማየት ይቻላል» አለ። እኔ የማየው አንድ ቤት ብቻ ነው ልለው ነበር፤ ምላሴን ነከስኩ።

ፋኒ መልካም ሴት ናት፤ አፏ ከእጇ ይቀድማል እንጂ። «ሞንሮ እኮ ጽፎልኛል፤ አጋዥ ልኬልሻለሁ፣ ብርቱ ናት፣ ደመወዟ ምግቧ ነው ብሎኛል» አለችኝ። እኔ ጓዳ ገብቼ እስኪያመኝ ሳቅሁ። አቤት ምስጢር መጠበቅ! አንተስ ተንኮለኛ ነህ ለካ።

ወደ ምዕራብ የሚሄደው ባቡር በየቀኑ እዚህ ያፏጫል። ዳይፐር ሳሰጣ ስሰማው እጄ ይቆማል። አንዴ ብሳፈር አንተ ዘንድ ነኝ። ፋኒ ተነሥታለች፤ መቼ ልምጣ?

ሎቪና

*

ሞንታና፣ ኦገስት 28

ውድ እህት ሎቪና፣

ፋኒ ስላንቺ የጻፈችልኝ ሁሉ ምስጋና ነው። ምስጋና ትዕቢት ያመጣልና ዝርዝሩን አልነግርሽም።

መቼ ልምጣ ላልሽው፣ አሁን አይሆንም። እናቴ ሳሎማ ሚዙሪ ውስጥ ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሯል። እህቶቼ ሁሉ የየራሳቸው ጣጣ አለባቸው። ወደ ቺካጎ ተመልሰሽ፣ ከዚያ የሚዙሪውን ባቡር ትይዣለሽ። መንገዱ ሌላ መገናኛ የለውም፤ ሁሉም ባቡር ቺካጎ ነው የሚገናኘው። ሁለት ይቆረጥብሻል፤ ትርፍ አለሽ አይደል?

እናቴን ያገለገለ እኔን አገለገለ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። በሰንበት ግን እንዳትጓዢ፤ የእኛ ጉባኤ እዚህ ላይ ጥብቅ ነው።

ሞንሮ

*

ሚዙሪ፣ ሴፕቴምበር 9

ለወንድም ሞንሮ፣

እንዴት ሰነበትክ? እናትህ ሕመማቸው ቀንሷል፤ ምላሳቸው ግን ምንም አልተሰበረም።

መጀመሪያ ይቅርታ ልጠይቅህ። አንድ መሳፈር ያለ አግባብ አቃጥያለሁ። ከቺካጎ የተነሣሁት ቅዳሜ ነው፤ ለማምሻው እደርሳለሁ ብዬ። ባቡሩ የዕቃ ባቡር ይለፍ እየተባለ ሲቆም፣ ሲቆም፣ ሰንበት ሊገባብኝ ሆነ። አንተ ደግሞ በሰንበት አትጓዢ ብለሃል። ምን ላድርግ? ግማሽ መንገድ ላይ አንድ የማላውቀው ከተማ ወረድኩ። ተቆጣጣሪው «እመቤቴ፣ እዚህ ምን አለሽ?» ቢለኝ «ጌታ አለኝ» አልኩት። እሑድን ጣቢያው አግዳሚ ላይ እየዘመርኩ ዋልኩ፤ ሰኞ ስሳፈር ካርዷ ላይ አንድ ተቆረጠ። አንድ የጣቢያ ጠራጊ «ሴትዮዋ ጤነኛ ናት?» ሲል ሰምቼዋለሁ። ይኸው ግማሹ አለቀ፤ አንተ ዘንድ ግን ስንዝር አልቀረብኩም። ላም አለኝ በሰማይ እንዳልሆን።

እናትህ በገባሁበት ቀን ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና «ማን ነሽ አንቺ?» አሉ።

«አጋዥ ነኝ፣ እማማ።»

«ሥጋ የለሽ፣ መልክ የለሽ። ሞንሮ ከየት ነው የለቀመሽ?»

«ከኢንዲያና» አልኩ። ምን ልበል ታዲያ?

ትናንት እግራቸውን ሳጥብ ግን ምን አሉኝ መሰለህ? «ልጄ ዘንድሮ ያገባል። ምራቴን ሳላይ ከሞትኩ ዓይኔ አይከደንም።» ሞንሮ፣ ውኃው ከእጄ ሊፈስ ነበር! ነገርካቸው ማለት ነው። እኔ ተንበርክኬ ጣታቸውን እያሸሁ «እማማ፣ እያዩኝ እኮ ነው» ልል አፌ ላይ ደረሰ። ዋጥኩት። አንጀቴ ግን ቅቤ ጠጣ፤ የዚያን ቀን ስድባቸው ሁሉ ምርቃት ሆኖልኝ ዋለ።

እባክህ ቀኑን ንገረኝ። የሚታወጀው መቼ ነው?

ሎቪና

*

ሞንታና፣ ሴፕቴምበር 14

ውድ ሎቪና፣

ሰንበትን ማክበርሽ አስደስቶኛል፤ መሳፈሯ ግን ታሳዝናለች። ቀድመሽ አስልተሽ ዓርብ ብትነሺ ኖሮ አይደርስብሽም ነበር።

ስለ ቀኑ የጠየቅሽኝን ጳጳሳችን ሳይናገር እኔ መናገር አልችልም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

እስከዚያው ወንድሜ ሃርሊ አዮዋ ውስጥ አለ። ሚስቱ ታማለች፤ ቲማቲሙና በቆሎው ሳይታሸግ መሬት ላይ ሊቀር ነው። መንገዱ ያው በቺካጎ ነው። እግረ መንገድሽን ለእኔ አንድ ነጭ ሸሚዝና አንድ ጥቁር ሰደርያ ስፊልኝ፤ ለአራቱ ልጆችም እንዲሁ። ልኩን በጀርባው ጽፌልሻለሁ። እንዳንቺ የሚሰፋ የለም ሲሉ ሰምቻለሁ። ስትጨርሺ በፖስታ ላኪው፤ አንቺን አይጠብቅ።

ሞንሮ

*

አዮዋ፣ ሴፕቴምበር 23

ሞንሮዬ፣

አይዞህ፣ ምንም አልተናገርኩም! ግን እኔም ዓይን አለኝ። ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ሰደርያ፣ ለልጆቹም አዲስ በአዲስ፤ ሰው ላም ለማለብ ይህን ያሰፋል?

ሸሚዙን ደርዙ እንዳይታይ አድርጌ ሰፋሁት። የአንገቱን ቁልፍ ሦስት ጊዜ ፈትቼ ተከልኩ። ለራሴም አንድ ነገር ሰፍቻለሁ፤ ቀለሙ ሰማያዊ ነው፣ ከላዩ ነጭ ሽርጥ አለው። የእኛ ሙሽሮች ምን እንደሚለብሱ ታውቃለህ፤ ከዚህ በላይ አልነግርህም። ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ስለካው ግን እንደ ኮረዳ በመስኮቱ መስታወት ፊት ዞርኩ።

የሃርሊ ቤትማ እንደ ንብ ቀፎ ሆኗል። «ሞንታና»፣ «ሠርግ»፣ «ባቡሩ ስንት ሰዓት ነው» ይላሉ፤ እኔ በቆሎ ተሸክሜ ስገባ ጸጥ! ሚስቱ ታማለች ብለኸኝ አልነበር? አዲስ ቀሚስ እየሰፋች ነው እኮ። አንተ ውሸታም! ትናንት ሃርሊ ጎሮሮውን ጠራርጎ «ሎቪና፣ እኛ ለመንገድ እየተዘጋጀን ነው። አንቺ ወደ ፋኒ ትመለሺያለሽ። እነሱም ስለሚሄዱ ልጆቻቸውንና ላሞቹን ትጠብቂያለሽ፤ ሞንሮ ነው ያለው» አለኝ። ፊቱ ደረቅ፣ ፈገግም አላለ። እኔም «እሺ» አልኩት፤ የጨዋታውን ደንብ አውቀዋለሁ። ሙሽራዋን ላም ጠብቂ ማለት! እኛም መንደር አንዲቱን ሙሽራ እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ድንች አስለቅመዋታል።

ፋኒ ዘንድ ስደርስ ዘጠኝ ተቆርጦ አንድ ይቀራል። የምትበቃኝም እሷው ናት። ባቡሩ ላይ ከእነ ፋኒ ጋር አብረን እንወጣለን።

ያንተው ሎቪና

*

ዊስኮንሲን፣ ኦክቶበር 1

ሞንሮ፣

ፋኒና ባሏ ሕፃኗን ይዘው ትናንት ተሳፍረዋል። እኔም ሻንጣዬን ይዤ፣ ሰማያዊውን ለብሼ ጣቢያ ቆሜ ነበር። ፋኒ «ምነው፣ ሻንጣ ለምን ያዝሽ? ልጆቹንስ ማን ላይ ጣልሻቸው?» አለችኝ። ባሏ «እሷም ሠርግ አማራት መሰለኝ» ብሎ ሳቀ። ባቡሩ ሄደ።

ልጆቹ በልተው ተኝተዋል። ላሞቹም ታልበዋል።

አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። የምታገባው ማንን ነው?

ሎቪና

*

ሞንታና፣ ኦክቶበር 7

ለእህት ሎቪና ቦንትሬገር፣

ጸጋና ሰላም ይብዛልሽ። ባለፈው ቅዳሜ በጌታ ፈቃድ ከእህት ዊልማ ትሮየር ጋር ተጋብተናል። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ የሰፈራችን ልጆች አስተማሪ ነበረች። እናቴም ባትመጣም ምራቷን በደብዳቤ ባርካለች። ሸሚዙ ልክክ ብሎልኛል፤ ማን ሰፋው ያላለ የለም።

መቼ ተለወጥክ ብትዪኝ አልዋሽሽም፤ ንስሐ ሙሉ መሆን አለበትና። አምና ክረምት ላግባሽ ማለቴን አልክድም። ጁላይ ላይ ግን ከዊልማ ጋር ተነጋገርን። ማለፊያዋን ከዚያ በፊት አስወጥቼልሽ ነበር፤ ከምትባክን ቤተ ዘመዱ ይጠቀምባት ብዬ አሰብኩ። ብነግርሽ ትቀሪ ነበር፤ እናቴንም የሚያነሣት አይኖርም ነበር። አየሽ፣ እግዚአብሔር ከክፉው መልካም ያወጣል። በጉባኤ ያልታወጀ ነገር ደግሞ ቃል ኪዳን አይባልም፤ ይህን አንቺም ታውቂዋለሽ።

አሁን የምለምንሽ ይቅርታ ነው። በአሥራ ስምንተኛው ቀን እሑድ ጉባኤያችን ይሰበሰባል፤ ከጌታ እራት በፊት እያንዳንዳችን ከሰው ሁሉ ጋር ሰላም መሆናችንን እንጠየቃለን። አንቺ ይቅር ካላልሽኝ ሰላም ነኝ ማለት አልችልም፤ ሰዎቹም ምክንያቱን ይጠይቁኛል። ዊልማ ገና ልጅ ናት፤ ይህን አታውቅም፣ ማወቅም የለባትም። ሁለት መስመር ብቻ ጻፊልኝ፤ ፍጠኚ።

ስለ መመለሻሽም አስቤያለሁ። አንድ መሳፈር ቀርቶሻል። ወደ ኢንዲያና ሁለት ስለሚጠይቅ አይበቃሽም። ወደ እኛ ግን አንድ ነው። ዊልማ መጽሐፍ እንጂ ሊጥ አታውቅም፤ አራት ወንዶች ከብደዋታል። ብትመጪ ከጓዳው ጀርባ ያለችው ክፍል ባዶ ናት። በር የላትም እንጂ መጋረጃ አላት።

በክርስቶስ ወንድምሽ ሞንሮ

*

ዊስኮንሲን፣ ኦክቶበር 13

ለወንድም ሞንሮ ጊንገሪች፣

ለጤናህ እንደምን አለህ? ዊልማስ? ልጆቹስ? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በልቼ አድራለሁ። እዚህ ውርጭ ጀምሯል። ፋኒ ከሠርጉ ተመልሳለች፤ ደስ ብሏታል። ሙሽራዋ ቆንጆ መሆኗን፣ ኬኩ ስንት ፎቅ እንደነበረ፣ አንተም ስትዘምር ማልቀስህን ሁሉ አጫውታኛለች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

ለፋኒ ነገርኳት። ሁሉን፣ ከጎተራው ኋላ ካልከው ጀምሮ። መጀመሪያ ሳቀች፤ «አንቺ? ሞንሮ? አንቺን?» አለች። ከዚያ ፊቴን አየችና ሳቋ ጠፋ። «ስለ ጌታ ለሰው እንዳትነግሪ፣ ስማችንን ታጠፊዋለሽ» ብላ እጄን ያዘች። ሁለት ወር ሙሉ እጄን ስትይዘኝ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ሞንሮ፣ ስታዋርደኝ አላለቀስኩም፤ ያን ጊዜ ግን እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ። እጠላሃለሁ ብል ኃጢአት ነው። ብልስ? እጠላሃለሁ።

ይቅርታ ለጠየቅኸው፣ በእኛ ሥርዓት የተለመነ እምቢ አይልም፤ እኔም አልልም። በሁለት መስመር ግን አይሆንም። ሁለት መስመር ታጥፋ ኪስ ትገባለች። የበደለኝን ሰው በፊቱ ቆሜ ይቅር ማለት እንዳለብኝ ስጠመቅ የተማርኩት ነው። ስለዚህ ከአሥራ ስምንተኛው በፊት እደርሳለሁ። ቅዳሜ ጳጳሳችሁን አግኝቼ የመጣሁበትን እነግራቸዋለሁ፤ እሑድ ከሴቶቹ መካከል እቀመጣለሁ። አንተ ስትጠየቅ እኔ እነሣለሁ። «ምኑን ነው ይቅር የምትዪው?» ይሉኛል። እኔ ደግሞ፣ ታውቀኛለህ፣ መዋሸት አልችልም፤ ከፋኒ፣ ከእናትህና ከሃርሊ ቤት ጀምሬ አንድ በአንድ እናገራለሁ። በጉልበትህ ተንበርክከህ ትሰማኛለህ። ያን ጊዜ ይቅር እልሃለሁ፤ ከልቤ ላይሆን ይችላል፣ በአፌ ግን ጮክ ብዬ።

ዊልማ ታዝንብኛለች። ልጅቷ አልበደለችኝም፤ ይህን ስጽፍ እሷን አስቤ ሁለት ጊዜ ብዕሬን አስቀምጫለሁ። ሁለት ጊዜም መልሼ አነሣሁት።

አትምጪ ብለህ ለመጻፍ አትድከም፤ ደብዳቤህ እዚህ አያገኘኝም። ይህኛው አንድ ቀን እንዲቀድመኝ ዛሬ ልኬዋለሁ። ከዚያ በኋላ ወዴት ትሄጃለሽ ብትል አላውቅም። የምገባበት ቤት የለኝም፣ ማለፊያዋም እዚያው ታልቃለች። አንተ ዘንድ ግን ታደርሰኛለች።

ሎቪና ቦንትሬገር